በአንገት ላይ ያለ ሀብት
ከሰቆጣ የጨው ገበያ እስከ ነጃሺ ስጦታ

በዋግ ኽምራ ደጋዎች፣ በሰቆጣም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች፣ ከእናት ለልጅ የተላለፈ የብር ጌጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥበት ቤት ዛሬም አይጠፋም። ድሪው ይኖራል፤ አምባሩ ይኖራል፤ አልቦው ደግሞ አንዳንዴ ጥንዱ ተለያይቶ አንዱ ብቻ ይገኛል። ልጆች ሲያዩት «ይህን የሚያህል ክብደት እንዴት ይቻል ነበር?» ብለው ይስቃሉ። የዛሬዋ ሙሽራ ወርቅ እንጂ ብር ብዙም አያምራትም። ያ ከባድ ብር ግን ለአያቷ ማጌጫ ብቻ አልነበረም። የግሏ ገንዘብ ነበር፤ ማንም የማይጋራት፣ ባሏም ቢሆን ሳታስፈቅደው የማይነካው። ወይም እንዲያ መሆን ነበረበት። «መሆን ነበረበት» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጌጥ ከመቼ ጀምሮ?

የሰው ልጅ ማጌጥ የጀመረው ወርቅንና ብርን ከማወቁ እጅግ አስቀድሞ ነው። በሞሮኮ ቢዝሙን ከሚባል ዋሻ የተገኙ የተበሱ ትናንሽ የባሕር ዛጎሎች ዕድሜያቸው ከ142 ሺህ ዓመት እንደማያንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 አስታውቀዋል። ክሩ ከበሰበሰ ቆይቷል፤ በዛጎሎቹ ላይ የሚታየው መፋተግ ግን ተሰክተው ይንጠለጠሉ እንደነበር ይመሰክራል። በአገራችንም ድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ መሐላቸው የተበሳ የቀንድ አውጣ ክዳኖች በብዛት ተገኝተዋል፤ እንደ ዶቃ ሳያገለግሉ አልቀሩም ይባላል።

እንግዲህ መስተዋት በሌለበት ዘመን ሰው ለምን አጌጠ? አንገቱ ላይ ያለውን ጌጥ ባለቤቱ ራሱ አያየውም። የሚያየው ሌላው ነው። ስለዚህ ጌጥ ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት ንግግር ነበር ማለት ይቻላል። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ያገባች ትሁን ያላገባች፣ ቤቱ የሞላ ይሁን የጎደለ፣ አፍ ሳይከፈት ይነገርበታል። ከዚህ ላይ የውበት ፍቅር ይጨመራል። ይህ ደግሞ በራሱ ነውር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል አዕራፍ 32ኛው አንቀጽ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥ እርም የሚያደርግ ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ በሱረቱን ነሕል 14ኛው አንቀጽም ከባሕር የሚወጣውን ጌጣጌጥ ከጸጋዎቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል።

የዋግን አገር ከጌጥ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ክር ረጅም ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመወለዳቸው ጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ቀደም ብሎ ወደ አክሱም የመጣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ፣ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው አገር ገዥ አማካይነት ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ነጋዴዎችን ይልክ እንደነበር ጽፏል። ነጋዴዎቹ ይዘውት የሚሄዱት በሬ፣ ጨውና ብረት ነበር፤ ይዘውት የሚመለሱት ወርቅ። የአገው ሕዝብ እንግዲህ በወርቁ መንገድ ላይ የነበረ ሕዝብ ነው። ጨው ሰጥቶ ጌጥ መቀበልም በዚያ አገር የትናንት ነገር አይደለም።

ጨው፣ ማርትሬዛ፣ አንጥረኛ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሰቆጣ በሰሜኑ አገር ስሟ የሚጠራ የጨው ገበያ ነበረች። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከሰቆጣ ደግሞ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይበተናል። ሙስሊም ነጋዴዎች በዚህ ንግድ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። አሞሌው ራሱ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር፤ ግን ይሰበራል፣ ክረምት ይበላዋል። የማይሟሟው ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር፤ ማርትሬዛ የምንለው።

ይህ ገንዘብ ነገሩ ያስገርማል። በላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታለች፤ ብሩ ግን እሷ ከሞተች በኋላም ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ ሲታተም ኖረ። አጼ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ገንዘብ ፓሪስ አሳትመው ቢያመጡም ገበያው የለመደውን ማርትሬዛ አልለቀቀም። ገበያተኛው ብሩን ከመቀበሉ በፊት አገላብጦ ያየው ነበር፤ በንግሥቲቱ ልብስ ላይ የተሰካው ጌጥ ዕንቁዎቹ ተለይተው ካልታዩት አሻፈረኝ ይላል። የገንዘቡ እውነተኛነት የሚረጋገጠው በሴቲቱ ጌጥ ነበር ማለት ነው። አንዱ ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልን፤ መጨረሻ ላይ ይጠቅመናል።

ሴቲቱ ጌጥ ስታሠራ ለአንጥረኛው የምታቀርበው ይህንኑ ገንዘብ ነው። አንጥረኛው በወናፍ አናፍቶ ያቀልጠዋል፤ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ እንደ ክር አቅጥኖ ይጎትተዋል፤ ቀለበት በቀለበት አያይዞ ድሪ ያደርገዋል። ትናንሽ የብር ፍሬዎችን እያንጠባጠበ ጉትቻውን ያስጌጠዋል። ጌጡ በስንት ማርትሬዛ እንደተሠራ ባለቤቷ ታውቃለች፤ ስለዚህ ዋጋውን አትረሳም። ባስፈለገ ጊዜ መልሶ ማቅለጥ ይቻላል። ገንዘቡ በ1937 ዓ.ም. በአዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከተተካ በኋላ እንኳ ማርትሬዛው በአንገትና በእጅ ላይ ተቀምጦ ቀረ። የመገበያያችን ስም እስከ ዛሬ «ብር» መባሉም ከዚያ የመጣ ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ይህን ሁሉ ጌጥ የሠራው ባለ እጅ በአገራችን ሲናቅ ኖሯል። «ቀጥቃጭ» ተብሏል፤ «ቡዳ» ተብሏል፤ ከእሱ ጋር መጋባት ነውር ሆኗል። የሠራውን እያጌጡበት ሠሪውን መጸየፍ ምን ይሉታል? አላህ (ሱ.ወ.) ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳገራላቸውና ጥሩር ይሠሩ እንደነበር በሱረቱ ሰበእ 10ኛውና 11ኛው አንቀጽ ተነግሮናል። ሙስሊም ሆኖ ብረት ሠሪን መናቅ ነቢይ የሠሩትን ሥራ መናቅ ነው።

የሚሸከሙት ርስት

በደጋው አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት ለሌለው ሰው የተተወለት ንግድና የእጅ ሥራ ነበር። የእርሻ ባለቤት ሀብቱን መሬት ላይ ያያል፤ ነጋዴ ግን ሀብቱ ተንቀሳቃሽ መሆን አለበት። በቅሎ፣ ጨርቅ፣ ብር። በእኛ አስተያየት በእነዚያ ቤቶች የሴቲቱ ድሪ ያን ያህል መክበዱ ለጉራ ብቻ አልነበረም። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ርስት ነበር። ክርስቲያን ጎረቤቷም ከመስቀሉ በቀር ተመሳሳይ ድሪና ተመሳሳይ አምባር ታደርጋለች፤ አሠሪዎቹ በሃይማኖት ቢለያዩም ብሩ አንድ ነው።

ይህ ርስት የሚፈተነው በክፉ ቀን ነው። ዋግ ደግሞ ክፉ ቀን የማያጣው አገር ነው። በ1965 እና በ66 ዓ.ም. የወሎን ሕዝብ የፈጀው ረሀብ፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. የዋግን ሕዝብ መንደሩን አስጥሎ ወደ ቆረም ያሰደደው ረሀብ በብዙ ቤት ሣጥኑን ባዶ አድርጎታል። መጀመሪያ ፍየሉ ይሸጣል፤ ቀጥሎ በሬው፤ ከዚያ ጌጡ ከጨርቁ ይወጣል። አማርትያ ሴን የተባሉት ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት የወሎን ረሀብ አንሥተው፣ ሰው ያለቀው በገበያ እህል ፈጽሞ ስለጠፋ ሳይሆን የመግዛት አቅሙ ስለጠፋ መሆኑን አስረድተዋል። ይህን ከጌጡ ጋር አያይዘን ብናስበው ነገሩ ግልጽ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ድሪዋን ስታወጣ ደህና ዋጋ ታገኛለች። አገር ሁሉ በአንድ ሳምንት ድሪውን ሲያወጣ ግን ገዢው ይኮራል፤ ሠላሳ ማርትሬዛ የወጣበት ጌጥ ለጥቂት ቁና እህል ይሄዳል። በወሎና በሰሜኑ አገር እናቶች አንገት ላይ የነበረ ብዙ ጌጥ አዲስ አበባ የቱሪስት ዕቃ መሸጫ ሱቆች ውስጥ የተገኘው በአብዛኛው በችግር ተሽጦ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ በከተማዋ ተጠልለው ኖረዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ ተከተለ። ተፈናቃይ እናት አንገቷ ላይ ያለውን አውጥታ ስትሸጥ በፊቷ የሚቆመው ገዢ እኔ ወይም አንተ ልንሆን እንችላለን። የተጨነቀን ሰው ችግሩን አይቶ ግማሽ ዋጋ መስጠት ንግድ ነው ብለን እንዳንታለል፤ ዑለማኦች የሚያወግዙት ተግባር ነው። ዕቃዋን በትክክለኛ ዋጋው ገምቶ መግዛት፣ አለዚያም ጌጧን ሳይነኩ በቀርድ ማበደር ይቻላል።

የነጃሺ ጌጥ

የጌጥ ነገር በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤትም ታሪክ አለው፤ ከዚያም ውስጥ ሐበሻን የሚነካው እንዳይረሳ እንፈልጋለን። አቡ ዳውድ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት ከነጃሺ ዘንድ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የጌጥ ስጦታ መጣ። በውስጡም የሐበሻ ድንጋይ ፈርጥ ያለበት የወርቅ ቀለበት ነበረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊታቸውን ዘወር እንዳደረጉ ቀለበቱን በእንጨት ወይም በጣቶቻቸው ጫፍ አነሡት፤ ከዚያም የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ጠርተው እንድታጌጥበት ሰጧት። ለወንድ የማይፈቀደው ወርቅ ለሕፃኗ ደስታ ሆነ። ስጦታውን አልመለሱም፤ ለራሳቸውም አላደረጉትም።

እርሳቸው ያደረጉት የብር ቀለበት ነበር። ለነገሥታት ደብዳቤ ሲጽፉ ማኅተም የሌለበት ደብዳቤ እንደማይነበብ ሲነገራቸው የሙሐመድን መልእክተኛነት የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበትን የብር ቀለበት አሠሩ። አነስ (ረ.ዐ.) እንደተናገሩትና ሙስሊም እንደዘገቡት የብር ቀለበታቸው ፈርጥ የሐበሻ ነበር። ያ ማኅተም ከእርሳቸው በኋላ በአቡበክር፣ በዑመር፣ በመጨረሻም በዑስማን (ረ.ዐ.) እጅ ቆይቶ አሪስ ከሚባለው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ፤ ተፈልጎም አልተገኘም። ጣቱ ላይ የወርቅ ቀለበት አድርጎ «ፋሽን ነው» የሚል ወንድማችን ካለ ይህን ያስብ። ብር ሞልቶለታል።

የእናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) የአንገት ጌጥ ታሪክ ሠርቷል። በጉዞ ላይ ሳሉ ጠፋባቸው፤ እሱን ለመፈለግ ጭፍራው ውሃ በሌለበት ቦታ ቆመ፤ የተየሙም አንቀጽ በዚያ ምክንያት ወረደ። ጌጡ ግመሉ ሲነሣ ከሥሩ ተገኘ። ከእህታቸው ከአስማእ የተዋሱት እንደነበርም ተዘግቧል። የሐብታም ቤት ጌጥ አልነበረም፤ በውሰት የሚደረግ ጌጥ ነበር። ሠርግ በደረሰ ቁጥር ዕዳ የሚገቡ እህቶቻችን ይህን ቢያውቁ ጥሩ ነው።

የማን ነው?

አሁን ወደ መጀመሪያው ቃላችን እንመለስ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱን ኒሳእ 4ኛው አንቀጽ ሴቶች መህራቸው ከልብ በሆነ ስጦታ እንዲሰጣቸው ያዝዛል፤ ወንድ ከዚያ የሚበላው እነሱ በፈቃዳቸው ሲለቁለት ብቻ ነው። በዚያው ሱራ 20ኛው አንቀጽ ደግሞ ሚስቱን ለመለወጥ የፈለገ ባል የሰጣት የወርቅ ክምር ቢሆን እንኳ ቅንጣት እንዳይወስድ ተከልክሏል። ሴት በስሟ ንብረት መያዝ በብዙ አገር ሕግ ገና ሳይታሰብ የተነገረ ሕግ ነው።

በቤታችን የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። «ንግድ ልጀምርበት»፣ «ለልጁ ትምህርት»፣ «ለአባቴ ሕክምና» እየተባለ የሚስት ጌጥ ይሸጣል። ምክንያቱ መልካም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ተጠይቃለች ወይ? ፊቷን አጥቁራ ዝም ብትል ፈቀደች ማለት ነው ወይ? በፍቺ ጊዜ ደግሞ «እኔ ነኝ የገዛሁልሽ» ተብሎ ከአንገቷ ይፈታል። መህር አድርጎ ወይም ስጦታ አድርጎ የሰጣት ከሆነ የእሷ ነው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ለማስዋቢያ ያህል ያዋሳት ከሆነ ደግሞ ያን ጊዜውኑ ተነጋግረው በምስክር ፊት ይለዩት። ኒካሕ ሲታሰር የመህሩ መጠን ይጻፋል፤ ጌጡም በግራሙ ቢጻፍ ምን ይጎዳል?

ከሌላው ወገን ደግሞ የሙሽሪት ቤተሰብ አለ። የወርቁ ዝርዝር እየረዘመ፣ ሐብልና አምባር በሰው ፊት እየተቆጠረ፣ ወጣቱ ለማግባት ዓመታት ይጠብቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምንም ለሌለው ሰሐባ ለመህር የብረት ቀለበት እንኳ ቢሆን እንዲፈልግ ነግረውት፣ እሱንም ሲያጣ በሚያውቀው ቁርኣን አጋብተውታል። መህር የእሷ ሀብት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ በእሱ ሰበብ ጎረቤት ፊት መወዳደር ሌላ። ልጅቷን ጠይቁ፤ ዝርዝሩን የምታወጣው እሷ ሳትሆን አክስቶቿ ሆነው ይገኛሉ።

ዶቃና ክታብ

ከጌጥ ሁሉ የሚያከራክረው ለመጠበቂያ ተብሎ የሚደረገው ነው። በወሎና በዋግ ለሕፃን ዛጎልና ጨሌ ማሰር፣ በብር ቀፎ የተዘጋ ክታብ ማንጠልጠል፣ ለውቃቢ ተብሎ የተለየ ቀለም ያለው ዶቃ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። እናቶች በክፋት አላደረጉትም፤ ሐኪም በሌለበት አገር ልጅ ሲታመም የሚያደርጉት ቢጠፋቸው ነው። ቢሆንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይጠብቀኛል ተብሎ የሚንጠለጠልን ነገር ከሺርክ ቆጥረውታል። የቁርኣን አንቀጽ ብቻ የተጻፈበትን በሚመለከት ከቀደምት ሊቃውንት የፈቀዱም የከለከሉም አሉ። ለጂን ወይም ለውቃቢ የሚደረገው ዶቃ ግን ክርክር የለበትም፤ ሐራም ነው። ያንኑ ዶቃ እምነቱን አውጥቶ ለውበት ብቻ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን አያት እያየች «ጠበቀሽ» የምትል ከሆነ ቢወልቅ ይሻላል። ስለ አልቦም አንድ ቃል፤ በሱረቱን ኑር 31ኛው አንቀጽ ሴቶች የተሸፈነ ጌጣቸው እንዲታወቅ እግራቸውን እንዳይመቱ ተነግሯቸዋል። እግር ላይ ማድረጉ አልተከለከለም፤ ድምፁን ለመንገደኛ ማሰማቱ ነው።

ሚዛኑ ምን ይላል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዒድ ቀን ሴቶችን መክረው ሶደቃ እንዲሰጡ ባዘዙ ጊዜ ሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ.) ልብሱን ዘረጋ፤ ሴቶቹም ጉትቻቸውንና ቀለበታቸውን እያወለቁ ጣሉበት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ባሎቻቸውን ለማስፈቀድ ቤት እንደሄዱ አልተነገረም፤ ንብረታቸው ነውና።

ባለንብረት መሆን ግን ግዴታም አለበት። የብር ኒሷብ 595 ግራም፣ የወርቅ 85 ግራም ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ባለ 21 ካራት ከሆነ 97 ግራም ገደማ ይደርሳል። አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው ከመቶ 2.5 ይወጣል። በወሎ አገር የሚታወቁት ሁለቱ መዝሀቦች እዚህ ላይ ይለያያሉ። በሐነፊ መዝሀብ የሚደረግ ጌጥም ቢሆን ዘካ አለበት። በሻፍዒይ መዝሀብ ለተፈቀደ መዋቢያ የሚሆን ጌጥ ዘካ የለበትም፤ ለክፉ ቀን ተብሎ የተከማቸ ከሆነ ግን ይወጣለታል። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሣጥን ያልወጣው ድሪ ከየትኛው ይመደባል? የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ፤ ለጥንቃቄ የፈለገ ደግሞ ያውጣ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ማርትሬዛ ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ስለሆነ 26 ማርትሬዛ የወጣበት ጌጥ ኒሷቡን ይሞላል። የአንዲት እናት ድሪ፣ አምባርና አልቦ ተደምሮ በሠላሳ ማርትሬዛ ተሠርቷል እንበል። ንጹሕ ብሩ 702 ግራም ይሆናል፤ የዓመቱ ዘካ 17.5 ግራም፤ ይህም የአንድ ማርትሬዛ ሦስት ሩብ ማለት ነው። በስንት እንደተሠራ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ወደ ታመነ አንጥረኛ ወስዶ ማስመዘን ይቻላል፤ ንጹሕነቱንም እሱ ይነግራችኋል። ሲመዘን ባለቤቷ አብራ ትሂድ፤ ክብደቱንም በራሷ ደብተር ትጻፈው።